ዘሩን ጠይቁ

ልጅ ሆኜ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የዶሮ ጩኸት አልነበረም። ጎሕ ሳይቀድ አጥራችን ሥር ቆመው የሚያዜሙ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ በወፍራም ድምፁ ይጀምራል፤ እሷ ትቀበለዋለች። የአባቴን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ስለሚመጡ በስሙ እየጠሩ ያወድሱታል፣ ይመርቁታል። አያቴ ከአልጋዋ ትነሣና በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረቻትን ሳንቲም ፈትታ ትሰጣቸዋለች። «ላሊበላዎች ናቸው» ትለኛለች። አንድ ቀን «ለምን በሌሊት ይዞራሉ?» ብዬ ጠየቅኋት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዘራቸው ነው። በጎሕ ወጥተው ካላዜሙ ያ በሽታ ይወጣባቸዋል» አለችኝ። የበሽታውን ስም አልጠራችውም። ስሙን መጥራት እንደ መጋበዝ ነበር የምትቆጥረው።

ዓመታት አለፉ። በቤተሰባችን ውስጥ አንድ ጋብቻ ታሰበ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጠላው ተጠንስሶ ሳለ ከገጠር የመጣ አንድ ዘመድ የሙሽራው አያት የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ እንደነበሩ ተናገረ። ልጁ ጤነኛ ነበር። አባቱም ጤነኛ ነበሩ። ነገር ግን «ዘሩን ጠይቁ» የሚለው የአባቶች ትእዛዝ ተጠይቆ መልስ ስለተገኘለት ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ አልነበረም። ጋብቻው ፈረሰ። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ይህ በሽታ በባክቴሪያ እንደሚመጣ የሚናገር አንድ መስመር በደብተሬ ላይ ነበረ። አጥንቼዋለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ግን አፌን አልከፈትሁም።

ይህ ጽሑፍ የዚያች መስመር ታሪክ ነው። መስመሯ ከየት እንደመጣች፣ ማን እንደጻፋትና ምን ዋጋ እንደተከፈለባት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። (የሌላ አገር ታሪክ ስለሚበዛበት ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የራሳችን ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ታሪኩ የሚጀምረው በኖርዌይ ምዕራብ ዳርቻ፣ በበርገን ከተማ ነው። የዛሬዋን ባለጸጋ ኖርዌይ ለጊዜው እንርሳት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የዚያ ዳርቻ ነዋሪ ድኻ ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ነበረ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ያድራል። ሥጋ ደዌ ከአብዛኛው አውሮፓ ከጠፋ ከብዙ ዘመን በኋላ እዚያ ግን ይስፋፋ ነበር። በርገን ውስጥ ብቻ ሦስት የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ነበሩ፤ ከሁሉ የሚቀድመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል በ15ኛው ምዕተ ዓመት የተመሠረተ ነው። መንግሥት በ1856 ሕመምተኞችን ሁሉ የሚመዘግብ ብሔራዊ መዝገብ ከፈተ። እንዲህ ያለ የአንድ በሽታ ብሔራዊ መዝገብ በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል። በመጀመሪያ የተመዘገቡት ሕመምተኞች ወደ 3 ሺ ይጠጉ ነበር።

የዚያ ዘመን ታላቁ የሥጋ ደዌ ሊቅ ዳንኤል ዳንየልሰን ይባላል። ከባልደረባው ከካርል ቦክ ጋር በ1847 ያሳተመው መጽሐፍ የበሽታውን ጠባይ ለመጀመሪያ ጊዜ በዘመናዊ ሳይንስ ዘዴ የገለጸ ነው። ዳንየልሰን ደፋርም ነበረ። በሽታው ይተላለፍ እንደሆነ ለማወቅ ከሕመምተኛ ዕባጭ የተወሰደ ነገር በገዛ ሰውነቱ ውስጥ አስገባ፤ በሆስፒታሉ ሠራተኞችም ላይ እንዲሁ ሞከረ። ማንም አልታመመም። ስለዚህ ደመደመ፦ በሽታው አይተላለፍም፤ በዘር የሚወረስ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አያቴን አስባለሁ። የአውሮፓ ታላቅ ሊቅ ከብዙ ምርመራ በኋላ የደረሰበት ድምዳሜ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ሳንቲም እየፈታች ከነገረችኝ አይለይም። ሁለቱም ሞኞች አልነበሩም። ያዩትን ነበር የተናገሩት። በሽታው አባትን ይይዛል፤ ከዓመታት በኋላ ልጅን ይይዛል፤ ጎረቤትን ይተዋል። ይህ ለሚያይ ዐይን ዘር ይመስላል። ዛሬ እንደምናውቀው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እጅግ ዘገምተኛ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ ሲራቡ እርሱ ለሁለት ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚያ ላይ የሚበዛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። እንግዲህ ማን ከማን እንደያዘው በዐይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። የሚታየው አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ዘር ነው።

ይህን ማየት የቻለው የዳንየልሰን ረዳት ሆኖ በ1868 ሥራ የጀመረ ወጣት ሐኪም ነው። ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1841 በበርገን ተወለደ፤ ለወላጆቹ ከተወለዱት 15 ልጆች አንዱ ነበረ። ሐንሰን ሁለት መንገድ ተከተለ። አንደኛው መዝገቡ ነው። የሕመምተኞችን ስምና መኖሪያ ይዞ በየወረዳው እየዞረ ማን ከማን ጋር እንደኖረ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኛ ጠየቀ። በሽታው ደምን ሳይሆን አብሮ መኖርን ተከትሎ እንደሚሄድ አየ። ሁለተኛው መንገድ ማይክሮስኮፕ ነው። በየካቲት ወር 1873 ከአንድ ሕመምተኛ አፍንጫ በተወሰደ ዕባጭ ውስጥ በትር የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች አየ። ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ለዓለም ከማስተዋወቁ ዘጠኝ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በዚያው በ1873 ሐንሰን የአለቃውን የዳንየልሰንን ልጅ አግብቶ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። አማቱን በሳይንስ የሚቃወም፣ በሐዘን ግን ከእርሱ ጋር የተቀመጠ ሰው ነበር ማለት ነው።

ማየት አንድ ነገር ነው፤ ማስረዳት ሌላ። እነዚያ በትሮች የበሽታው መንሥኤ ለመሆናቸው ማስረጃ ይፈለጋል። ሐንሰን ባክቴሪያውን ከሰውነት ውጭ ለማራባት ሞከረ፤ አልሆነለትም። (እስከ ዛሬም ለማንም አልሆነለትም።) በእንስሳት ላይ ሞከረ፤ አልያዘም። በ1879 ደግሞ አልበርት ናይሰር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ በርገን ድረስ መጥቶ ናሙና ይዞ ሄደና ባክቴሪያውን ቀለም አንክሮ አሳየ፤ ግኝቱንም የራሱ አስመሰለ። ሐንሰን ተቻኮለ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ኅዳር 3 ቀን 1879 ያን ሥራ የሠራው።

በሆስፒታሉ ውስጥ ለዓመታት የኖረች አንዲት ሴት ነበረች። በሽታዋ ቀለል ካለው፣ ነርቭን ከሚያደነዝዘው ዓይነት ነው። ሐንሰን ዕባጭ ከሚያወጣው ከከባዱ ዓይነት ሕመምተኛ የተወሰደ ነገር በስለታም መሣሪያ ይዞ ዐይኗን ወጋ። አልጠየቃትም። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልነገራትም። ሴትዮዋ አመመኝ ብላ አቤት አለች፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ይህን ክፍል ሳነብ አንድ ነገር ጠብቄ ነበር። ድኻ ሴት፣ ያውም የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ፤ በሌላ ወገን የታወቀ ሐኪም፣ የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና የሕክምና ሹም። ፍርዱን አስቀድሜ የማውቅ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ሐንሰን ድርጊቱን አልካደም። ፈቃዷን ያልጠየቀበትን ምክንያት ሲናገር፣ ነገሩን እርሱ በሚያይበት ዐይን እንደማታየው አስቀድሞ ስለገመተ መሆኑን ገለጸ። ሌላ አነጋገር ቢፈለግለት፣ «ብጠይቃት እንቢ ትለኝ ነበር» ማለት ነው። የበርገን ፍርድ ቤት በግንቦት መጨረሻ 1880 ፈረደበት። ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ተሻረ። የዋና ሹምነቱ ሥልጣን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወሰደበትም። ሴትዮዋ ከሙከራው የመጣ አዲስ በሽታ አልያዛትም፤ ሐንሰንም የፈለገውን ማስረጃ አላገኘም።

የሕመምተኛን ፈቃድ የሚደነግገው የኑረምበርግ ሕግ የወጣው በ1947 ነው። በርገን ላይ የተፈረደው ከዚያ 67 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ዳኞቹ ሐንሰን በሳይንስ ተሳስቷል አላሉም። አልተሳሳተምም ነበር። ያሉት እውነት የያዘ ሰውም ቢሆን የሌላውን ሰው ዐይን ሳይጠይቅ መንካት አይችልም ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁለት መልክ አለው። በ1877 እና በ1885 ኖርዌይ በሐንሰን ምክር ሁለት ሕጎች አወጣች። ድኻ ሕመምተኛን እንደ ቀድሞው ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት እያዟዟሩ ማሳደር ቀረ፤ ሕመምተኛው በቤቱ የራሱ ክፍልና የራሱ አልጋ እንዲኖረው፣ ይህ ካልሆነለት ወደ ሆስፒታል እንዲገባ ታዘዘ። ሐንሰን በ1912 ሲሞት በአገሩ የቀሩት ሕመምተኞች ጥቂት መቶዎች ብቻ ነበሩ። ለዚህ ሕጉ ብቻ ሊመሰገን አይገባውም፤ የሕዝቡ ኑሮም በዚያ ዘመን ተሻሽሏል። ሌሎች አገሮች ግን ከኖርዌይ ትምህርት የወሰዱት ማግለሉን ብቻ ነው። ጃፓን ሕመምተኞችን የማግለል ሕጓን የሻረችው በ1996 ነው፤ በሽታው በመድኃኒት መዳን ከጀመረ ከስንት ዓመት በኋላ!

የዘር ፍርሃት ነበረ፤ የመተላለፍ ፍርሃት ተጨመረበት። ሁለቱ ፍርሃቶች ይጣላሉ እንጂ አብረው አይኖሩም ነበር፤ በዘር የሚወረስ ከሆነ አይተላለፍም፣ የሚተላለፍ ከሆነም ዘር አይቆጥርም። በሰው ልቡና ውስጥ ግን ተስማምተው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ወደ አገራችን ልመለስ። የሐንሰን ስም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ቀድሞ የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል በነበረበት ስፍራ በ1965 አለርት ተቋቋመ፤ ከጎኑ በ1970፣ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አማካይነት፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። የበርገኑ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ያያቸው በትሮች ጉዳይ እኛው ከተማ ውስጥ ቀጠለ ማለት ነው። ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት ለዓመታት ብቻውን ሲሰጥ ኖሮ ባክቴሪያው መልመዱን ካረጋገጡት ጥናቶች መካከል በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ የወጡት ይገኙበታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 ሦስት መድኃኒቶች፣ ማለት ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን፣ በአንድነት እንዲሰጡ ያሳሰበው እንዲህ ያለ ማስረጃ ከየአገሩ ስለተጠራቀመ ነው። ዛሬ ሕክምናው በነጻ ይሰጣል፤ እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወይም ዐሥራ ሁለት ወር ይፈጃል፤ መድኃኒቱ በተጀመረ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሕመምተኛው በሽታውን ማስተላለፍ ያቆማል።

ጣት በበሽታው ተቆርጦ ይወድቃል የሚባለውም እውነት አይደለም። ባክቴሪያው ነርቭን ይጎዳል፤ እጅ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ እጅ የጋለ ምጣድ ሲነካ አያውቅም፤ ቁስሉም ሳይታወቅ ይመረቅዛል። ጣትን የሚበላው ሕመም አይደለም፤ የሕመም አለመኖር ነው። በጊዜ የታከመ ሰው እጁ ሙሉ ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝን ለመጨረሻ አቆየሁት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጋብቻን ሊያፈርሱ ከሚችሉ መሠረታዊ ስሕተቶች አንዱ አድርጎ የቆጠረው ከተጋቢዎቹ አንዱ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ሆኖ መገኘቱን ነበር። በሽታውን በስሙ ጠርቶታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የበሽታውን ስም ተወው፤ የሚናገረው ስለማይድን ወይም ወደ ዘር ስለሚተላለፍ በሽታ ነው። ሥጋ ደዌ ይድናል። ወደ ዘርም አይተላለፍም። ስሟ ሳይጠራ፣ ነጋሪት ሳይጎሰምላት፣ ያቺ የደብተሬ መስመር በአዋጅ ውስጥ ገባች ማለት ነው።

በሰው ቤት ውስጥ ግን ገና አልገባችም። በቅርቡ ለአንዲት የዘመድ ልጅ ሽማግሌዎች መጥተው ተቀምጠን ሳለ አንዲት አሮጊት ዘመዳችን ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ዘሩን ጠይቃችኋል?» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። በዚህ ጊዜ አፌን ከፈትሁ። ስለ በርገን አልነገርኋቸውም። «እሜቴ፣ ያ በሽታ የዘር አይደለም፤ በመድኃኒትም ይድናል» አልኋቸው፤ ስሙንም ጠርቼ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያም፣ «ታዲያ ይህን ያኔ ለምን አልተናገርህም?» አሉኝ።

ያ የፈረሰ ጋብቻ ትዝ ብሏቸው ነበር። እኔ መልስ አልነበረኝም።