ፍላጭ እንጨትና የሀምበሪቾ ደረጃ

በአማርኛ «አገር አቋራጭ» ሲባል ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ጃንሜዳ ነው፤ ወደ ጠዋቱ ብርድ፣ ወደ ሣሩና ወደ ጭቃው፣ ቀነኒሳ በቀለ በአዋቂዎች የግል ውድድር ብቻ 11 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ወደሆነበት ሩጫ። ይኸው ስም ግን ለሌላም ስፖርት ያገለግላል፦ ረጅምና ቀጭን መንሸራተቻ ከጫማ ጋር አያይዞ፣ በሁለት እጅ ሁለት ዘንግ ይዞ፣ ሜዳውንም ዳገቱንም በበረዶ ላይ ማቋረጥ። በፊተኛው ኢትዮጵያን የሚስተካከል አገር ጥቂት ነው፤ በኋለኛው ግን በኦሊምፒክ ያገኘችው የተሻለ ደረጃ 83ኛ ነው። ለምን ቢባል መልሱ በሰው ሁሉ አፍ ላይ ነው፤ «በረዶ የለንማ!» መልሱ ውሸት አይደለም፣ ግን ጥያቄውን ሳይመረምር ይዘጋዋል። እኔ የምከራከረው ጀማሪ የሚበቅለው መንገድና ትምህርት ቤት ባለበት ነው፣ የበረዶው ተራ ከእነርሱ በኋላ ነው ብዬ ነው። ይህን ለመፈተን ከሀዲያዋ ሆሳዕና፣ ከከምባታዋ ዱራሜና ከዙሪያቸው ምድር የተሻለ ቦታ የለም፤ ከፍታው አለ፣ ዳገት የለመደ እግር አለ፣ በረዶ የለም።

ከስሙ እንጀምር። «ስኪ» የሚለው ቃል በጥንት ኖርዌያውያን ቋንቋ ፍላጭ እንጨት ማለት ነበር፤ ለምድጃ ወይም ለአጥር የሚፈለጠው ዓይነት። ዕቃው ከስሙ እጅግ ያረጃል። በሰሜን ሩሲያ ቪስ ከሚባል ቦታ የተገኘው ስብርባሪ 8,000 ዓመት ገደማ፣ በስዊድን ካልቭትሬስክ ከረግረግ የወጣው ደግሞ ከ5,000 ዓመት በላይ ይሆነዋል። በእነዚህ ሺህ ዓመታት ሁሉ ግን ዋና ሥራው የሽልማት ውድድር አልነበረም። አዳኙ አውሬውን የሚከተልበት፣ ገበሬው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምበት፣ ወታደሩ ተራራ የሚሻገርበት ነበር። በ1206 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በኖርዌይ የእርስ በርስ ጦርነት ሁለት ወታደሮች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላውን አልጋ ወራሽ ሆኮንን ታቅፈው በክረምት ተራራ አሻገሩት፤ ዛሬ በዚያ መታሰቢያ የሚወዳደሩ ሁሉ 3.5 ኪሎ ጭነት በጀርባቸው አዝለው 54 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፣ በሕፃኑ ፈንታ መሆኑ ነው። ስፖርት የሆነው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። የኖርዌይ ቴሌማርክ ደሃ ገበሬ ሶንድረ ኖርሃይም በተጠማዘዘ እንጨት ማሰሪያ ተረከዙን አጥብቆ በ1868 በዋና ከተማው ውድድር ሲያሸንፍ ከተሜው ጉድ አለ። እስከዚያ መቶ ዘመን ማብቂያ ብዙው ሰው የሚይዘው አንድ ረጅም ዘንግ ብቻ ነበር፤ በትከሻው ዱላ አጋድሞ ወደ ገበያ የሚወርደው የኛ ደገኛ ቢያየው እንግዳ አይሆንበትም። በ1924 በሻሞኒ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ሲካሄድ የ18 እና የ50 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ከውድድሮቹ መካከል ነበሩ፤ ሁለቱንም የወሰደው ኖርዌያዊው ቱርላይፍ ሃውግ ነው።

እንግዲህ በረዶ ባለበት ሁሉ ፍላጩ ይፈለጣል ወይ? መልሱ ያለው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። በአዱሊስ የነበረውና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ድሎቹን የዘረዘረበት ነው፤ ከድሎቹም አንዱ የሰሜንን ተራራማ አገር ማስገበሩ ነው፤ ተራራው በበረዶ የተሸፈነ፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም እንደነበር ይናገራል። በ18ኛው መቶ ዘመን ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በሰሜን ተራሮች በረዶ አላየሁም ብሎ ጻፈ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልት ደግሞ አይቻለሁ ብሎ አፈረሰበት። በእኔ ግምት ሁለቱም በየመጡበት ወቅት ያዩትን ተናግረዋል፤ 4,533 ሜትር ከፍታ ባለው ራስ ደጀን ላይ የሚጥለው ነጭ ነገር ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣልና። ሲወርድ ድንጋይ ይመታል፣ ሲነጋ ያበራል፣ ረፋድ ላይ ውሃ ነው። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል፤ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውንም፣ ፈረንጅ አገር የሚነጥፈውንም «በረዶ» ብለን በአንድ ስም እንጠራለን፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሲሆን ብቻ «አመዳይ» እንላለን። በኖርዌይ በረዶው ለወራት በቤትና በደብር መካከል ይተኛል፤ በሰሜን ግን ከሰው ቤት በላይ፣ ማንም በማያርሰው ጫፍ ላይ ለጥቂት ጊዜ ያርፋል። ስለዚህ ፍላጩን ያስፈለጠው በረዶው በመንገድ ላይ መተኛቱ ነው፤ መንገድ ያልዘጋ በረዶ መንሸራተቻ አይወልድም።

በሀዲያና በከምባታ መንገድ የሚዘጋው ጭቃ ነበር። ዋቸሞ ተብላ ትጠራ በነበረችው ኮረብታ ላይ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የራስ አባተ ቧያለው ከተማ ስትቆረቆር፣ ኋላም ሆሳዕና የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ወደ እርሷ የሚያደርሰው እግርና በቅሎ ነበር። በ1928 ሚሲዮናዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢና ጓደኞቹ ከአዲስ አበባ በበቅሎ ተነሥተው ሲወርዱ መጀመሪያ ያሰቡት ጅማ ነበር፤ ሚሲዮናቸው የተተከለው ግን በሆሳዕና፣ በሶዶና በሲዳማ ነው። ዛሬ 232 ኪሎ ሜትሩን መኪና በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ያኔ ግን ክረምት ሲገባ፣ ጅረቱ ሲሞላ፣ በእንሰት ጓሮዎች መካከል ያለው ቀጭን መንገድ ሲያዳልጥ ሰው እግሩን በዱላ ያግዝ፣ በሽተኛውን በቃሬዛ ይሸከም ነበር። የአገሩ ሰው ለችግሩ የሚያስፈልገውን ፈጥሯል፤ በረዶ ላልዘጋው መንገድ መንሸራተቻ አልሠራም ብሎ መውቀስ ለበረሃ ሰው ጃንጥላ አልሰፋህም እንደማለት ነው። ጉዳዩን ልብ ካልነው ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። ዘመናዊ ትምህርት ወደዚያ የገባው የምድሩ ጠባይ ጠርቶት አልነበረም፤ መንገደኛ መጥቶ፣ ቆይቶ፣ ቤት ሠርቶ አስተምሮ ነው። አዲስ ሙያ ሁሉ አመጣጡ እንዲሁ ነው።

የ83ኛው ደረጃ ባለቤት ሮቤል ተክለማርያምም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። በ1974 አዲስ አበባ ተወለደ፣ በ9 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፣ የተማረውም የ1932ና የ1980 የክረምት ኦሊምፒኮች በተካሄዱባት በሌክ ፕላሲድ አጠገብ በሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ልጅ ክረምት ሲመጣ መንሸራተቻ ይታደለዋል፤ መንሸራተት የቀኑ ትምህርት ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ወደ ትልቁ ሐሳብ፦ የኢትዮጵያን ስኪ ፌዴሬሽን አቋቁሞ በአገሩ ባንዲራ መወዳደር። ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ በረዶ ስላልነበረ ጎማ በተገጠመለት መንሸራተቻ አስፋልት ላይ ተለማመደ፤ በታክሲና በፍየል መካከል ዘንግ እየወጋ የሚፈስ ሰው ማየት ለመንገደኛው ምን ዓይነት ትርኢት እንደነበር መገመት አያቅትም። በየካቲት 2006 በቱሪን ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ 83ኛ ሆነ፤ የክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በቫንኩቨር በ15 ኪሎ ሜትር ፍሪስታይል 93ኛ ወጣ። በሕይወቱ ውስጥ ወሳኙ ዕድሜ 31 አይደለም፣ ቱሪን የገባበት፤ 9 ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። «ከፍታ ላይ የተወለደ ሳንባና ዳገት የሠራው እግር እያለ ዘጠኝ ዓመት ምን ያደርጋል? ሯጭ አምጥታችሁ ጫማውን ቀይሩለት፤» ይላል። ይህ ተሞክሯል። ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት የ800 ሜትር ሯጭ ነበር፤ በ1996 ናይኪ ወደ ፊንላንድ ወሰደው፣ በረዶም በዓይኑ ያየው ያኔ ነው። በ1998 በናጋኖ በ10 ኪሎ ሜትር 92ኛ፣ ማለት መጨረሻ ወጣ፤ አሸናፊው ቢዮርን ዴሊ የሽልማቱን ሥነ ሥርዓት አስቁሞ መጨረሻው መስመር ላይ ጠበቀው፣ አቀፈው፤ ቦይትም ኋላ ልጁን ዴሊ ብሎ ሰየመ። ታሪኩ ያምራል፣ ግን ለክርክራችን የሚጠቅመው የደረጃው ቁጥር ነው። ሳንባው ያው የምሥራቅ አፍሪካ ሳንባ ነው፣ የጎደለው ሌላ ነው። ሯጭ እግሩ መሬት ሲነካ ወዲያው ይገፋና ይለቃል፤ ፍጥነቱ የሚመጣው እግሩ በቶሎ በመፈራረቁ ነው። ተንሸራታች ግን ይገፋና በአንድ እግሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ መንሸራተቻው የሰጠውን ርቀት እስኪጨርስ ድረስ አይቸኩልም። በክላሲኩ ስልት መንሸራተቻው እንደ ቀስት የጎበጠ ነው፤ ክብደትህን ሁሉ በአንዱ ላይ ስትጥል መካከሉ ዝቅ ብሎ የተቀባው ሰም በረዶውን ይነክሳል፣ ስታነሳለት ይለቃል። ጀማሪ የሚወድቀው ክብደቱን በሁለቱም እግሮቹ ስለሚያካፍል ነው፤ ሰሙ አይነክስለትም፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በዚህ ላይ የጉዞው ትልቅ ድርሻ የክንድና የሆድ ጡንቻ ነው፣ ሩጫ ደግሞ እነዚህን ብዙም አይሠራቸውም። ይህን ሚዛን አካል በልጅነቱ ቢማረው ሳያስብ ይይዘዋል፤ በ25 ዓመት የሚጀምር ሰው ሁልጊዜ እያሰበ ነው የሚሄደው። ስለ ከፍታው ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር፤ የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ደንብ የአገር አቋራጭ መም ከ1,800 ሜትር በላይ እንዲወጣ አይፈቅድም። ሆሳዕና ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። ነገ ከሰማይ ጉልበት የሚደርስ አመዳይ ቢወርድላት እንኳ የዓለም ውድድር ማስተናገድ አትችልም።

ከፍታ በረዶ ያመጣል የሚለውም ግምት እርማት ይሻል። ከዱራሜ አጠገብ ያለው፣ ከምባቶች ሰባቱን ጎሣ «ሀምበሪቾ ላማላ» እያሉ መነሻቸውን የሚቆጥሩበት የሀምበሪቾ ተራራ 3,058 ሜትር ነው። በሌሶቶ ማሉቲ ተራሮች ላይ ያለው አፍሪስኪ የሚባለው የመንሸራተቻ ሥፍራም የተሠራው በ3,000 ሜትር ከፍታ ገደማ ነው። ሁለቱ በቁመት እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል፤ የለያያቸው ሀምበሪቾ ከምድር ወገብ በ7 ዲግሪ አካባቢ ሲገኝ ሌሶቶ 29 መሆኗ ነው። ሌሶቶም ቢሆን ሰማዩን ብቻ አምና አትቀመጥም፣ በማሽን በረዶ ትሠራለች። ነገሩን ለሆሳዕና ቅርብ የሚያደርገው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የሀዲያና የከምባታ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ፈልሷል፣ በየሎኬሽኑ፣ ማለት በየጥቁሮች ሰፈሩ፣ ሱቅ ከፍቷል፣ በላከው ገንዘብ በሆሳዕና ፎቅ ተሠርቷል። ይህ ወጣት ከጆሃንስበርግ ተነሥቶ በመኪና በግማሽ ቀን በረዶ ላይ መድረስ ይችላል፤ ለበረዶ ከማንኛውም የአዲስ አበባ ነዋሪ ይቀርባል። ቅርበቱ ግን ተንሸራታች አላደረገውም፤ ሱቅ ዘግቶ የሚዝናና፣ ዕቃ የሚከራይ፣ አሠልጣኝ የሚከፍል ኑሮ አልያዘምና። በረዶው እዚያው አለ፣ መንገዱም አለ፤ የጠፋው ጊዜውና አስተማሪው ነው።

ታዲያ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ አንድ ልጅ ከምን ይጀምር? የሰለጠነው ዓለም ተንሸራታች በበጋ የሚያደርገውን ያድርግ፤ ሁለት ዘንግ ይያዝና ዳገት ይውጣ። ዘንግ ይዞ ዳገት መዝለል በኖርዌይም በፊንላንድም ዋና የበጋ ልምምድ ነው፣ የክንድና የእግር ስምምነትን ያስተምራል፣ ዋጋውም ምንም ነው። የድሮው የስኪ ዘንግ ቀርከሃ ነበር፣ ቀርከሃ ደግሞ ለደጋችን ባዕድ አይደለም። ለቱሪስት ተብሎ በሀምበሪቾ የተሠራው 777 ደረጃ ለዚህ ከተሠራ አይተናነስም። ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፣ ጎማው ሲገጠም። የጎማ መንሸራተቻ በጀማሪ እግር ላይ ፍሬን የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሚፈልገው ለስላሳ፣ ተዳፋትነቱ ቀለል ያለ፣ መኪና የማይበዛበት አስፋልት ነው። የከተሞቻችን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ደግሞ ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ለእግረኛ ከጭቃ መዳኛ ሆኗል፣ ለሥራ አጥ ወጣትም እንጀራ፤ ለትንሽ ጎማ ግን ጥርስ የሚያንገጫግጭ ጠላት ነው። ዋናው አስፋልት ላይ ቢወጣ ባጃጁ አለ። እንግዲህ እንቅፋቱ ከሰማይ ወርዶ ከመንገዱ ንጣፍ ላይ አረፈ ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው፤ ልጁ ኳስ ይጫወት» የሚል ቢመጣ ግማሹን እቀበለዋለሁ። የመንሸራተቻ ፌዴሬሽን ለሀዲያና ለከምባታ ወረዳዎች የሚቀድም ጉዳይ አይደለም፣ ማንም እንደዚያ ቢል አላምነውም። ግን ኳሱም ከእንሰት ሥር አልበቀለም። ከውጭ የመጣ ጨዋታ ነው፤ ግቢ፣ አስተማሪና ውድድር አግኝቶ ሥር ሰደደ፣ ዛሬ ሀዲያ ሆሳዕና በፕሪሚየር ሊግ ሲጫወት ጨዋታው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። «83ኛ መውጣት መሳቂያ ነው» የሚለውን ግን ጨርሶ አልቀበልም። በዚያ መም ላይ ከ90 በላይ ሰው ነበር፣ አብዛኛው መራመድና መንሸራተትን አብሮ የተማረ ነው፣ ከኋላውም የቀሩ ነበሩ። ከሮቤል ወዲህ የመጡት ጎረቤቶቻችንም ነገሩን ያጸኑታል። በ2018 ኤርትራን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የወከለው ሻነን አበዳ በካናዳ የተወለደ ነው፤ በዚያው ዓመት ለኬንያ የተንሸራተተችው ሳብሪና ሲማደር በኦስትሪያ ያደገች ናት። ሁለቱም ቁልቁል የሚወርደውን ዓይነት ነው የያዙት፣ አገር አቋራጩን አይደለም። ኢትዮጵያ ደግሞ ከቫንኩቨር በኋላ በሶቺም፣ በፒዮንግቻንግም፣ በ2022 በቤጂንግም ተወዳዳሪ አላሰለፈችም፤ ከሮቤል በኋላ በዚያ በረዶ ላይ ባንዲራውን የያዘ አልመጣም።