ፕሮፖሊስ ለእንስሳት የቀዶ ጥገና ቁስል ያለው ጠቀሜታና ውስንነት

ፕሮፖሊስ ንቦች ከዛፎች እምቡጥና ቅርፊት የሚሰበስቡትን ሙጫ ከሰም ጋር አዋህደው የሚሠሩት ተጣባቂ ነገር ነው። ንቦች የቀፏቸውን ስንጥቅ ይደፍኑበታል፤ ቀፎ ውስጥ ገብቶ የሞተ አይጥ ማውጣት ሲሳናቸውም በድኑን በእርሱ ሸፍነው እንዳይበሰብስ ያደርጋሉ። የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበውም ተሕዋስያንን የመግታት ይኸው ባሕርይው ነው።

በአብዛኛው ከክብደቱ 50 በመቶ ያህሉ ሙጫ፣ 30 በመቶ ያህሉ ሰም፣ 10 በመቶ ያህሉ ደግሞ በቀላሉ የሚተኑ ዘይቶች ሲሆኑ፣ ቀሪው የአበባ ዱቄትና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ናቸው። ፈዋሽነቱ በዋነኛነት የሚያያዘው በሙጫው ውስጥ ከሚገኙት ፍላቮኖይዶችና ፌኖሊክ አሲዶች ጋር ነው።

የቀዶ ጥገና ቁስል የሚድነው ደረጃ በደረጃ ነው። በቅድሚያ ደም ይረጋል፤ ቀጥሎ ብግነት ይከሰታል፤ ከዚያም አዲስ ሥጋና ቆዳ ይተካል፤ በመጨረሻም ጠባሳው ይጠነክራል። ብግነቱ ከተራዘመ ወይም ባክቴሪያ ከገባ ሂደቱ ይስተጓጎላል፤ ስፌቱም ሊከፈት ይችላል። በአይጦች፣ በጥንቸሎችና በውሾች ላይ የተካሄዱ ሙከራዎች ፕሮፖሊስ ያለበት ቅባት ብግነትን እንደሚቀንስ፣ የኮላጅን ክምችትን እንደሚያግዝና ቁስሉ በአዲስ ቆዳ የሚሸፈንበትን ጊዜ እንደሚያሳጥር አመልክተዋል።

ይሁን እንጂ ውጤቱ በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። በላቦራቶሪ ምርመራ ፕሮፖሊስ እንደ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ባሉ ባክቴሪያዎች ላይ የሚበረታ ሲሆን፣ በአንጀትና በእበት ውስጥ በሚገኘው ኢ. ኮላይ ላይ ያለው ኃይል አነስተኛ ነው። በመሆኑም በእበት ለተበከለ ቁስል ብቻውን አስተማማኝ አይሆንም። የአይጥ ቆዳ ልል በመሆኑም ቁስሏ በአብዛኛው የሚዘጋው በመኮማተር ስለሆነ፣ በእርሷ ላይ የታየውን ፍጥነት ለበሬ ወይም ለፈረስ እንዳለ መውሰድ አይቻልም። በአልኮል የተዘጋጀው ፕሮፖሊስ ክፍት ቁስልን ያቃጥላል፤ አለርጂ የሚያስከትልበት ጊዜም አለ።

ሌላው ዐቢይ ችግር የይዘት መለያየት ነው። የአውሮፓ ፕሮፖሊስ በአመዛኙ ከፖፕላር ዛፍ፣ የብራዚሉ አረንጓዴ ፕሮፖሊስ ደግሞ ባካሪስ ከተባለ ቁጥቋጦ የሚገኝ በመሆኑ፣ በአንዱ የተገኘ ውጤት ለሌላው ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

በኢትዮጵያ ፕሮፖሊስ የማርንና የሰምን ያህል ትኩረት አላገኘም። የአገር ውስጡን ፕሮፖሊስ ለእንስሳት ሕክምና ለማዋል፣ ምርቱን በየአካባቢው ዕፀዋት መለየት፣ የፈዋሽ ንጥረ ነገሮቹን መጠን መለካት፣ በታለመላቸው እንስሳት ላይ መሞከርና እንደማንኛውም መድኃኒት ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ለአንድ ጥማድ በሬ ባለቤት የተሰፋ ቁስል ማመርቀዝ የእርሻ ወቅት ማለፍ ማለት ነው። ስለሆነም ፕሮፖሊስ የንጹሕ ቀዶ ጥገናና የባለሙያ ክትትል አጋዥ እንጂ ምትክ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።