የቀበሌ ሱቅ የራሽን ካርድ

ካርቶን፣ እስክሪብቶ፣ የማኅተም ቀለም
ጎንደር ከተማ፤ የደርግ ዘመን

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ነዋሪውን በቀበሌ አደራጀ። ቀበሌዎቹ ቆይተው ሱቅ ከፈቱ። ስኳር፣ ጨውና ሳሙና ከገበያ ሲጠፉ ወይም ሲወደዱ፣ በመንግሥት ዋጋ የሚገኙት እዚያ ነበር፤ ለዚያውም ካርድ ላለው። ካርዱ የቤት ቁጥርና የቤተሰብ ብዛት ይይዛል። ድርሻው በሰው ቁጥር ይሰፈራል፤ የተወሰደው ምልክት ይደረግበታል።

ከፒያሳ ዙሪያ እስከ አዘዞ፣ በዚያ ዘመን ያደጉ ልጆች ካርዱን የሚያስታውሱት በወረፋው ነው። «ስኳር መጣ» ከተባለ ልጅ ዘንቢል አንጠልጥሎ ይሮጣል። ተራ የሚያዘው በድንጋይ ወይም በጣሳ ነው፤ ባለቤቱ ዘወር ሲል ጎረቤት ይጠብቅለታል። መውጣት ላቃታቸው እማማ ድርሻቸውን ማምጣት የሰፈር ልጅ ሥራ ነበር። ልቅሶ ወይም ድግስ የገባበት ቤት ደግሞ ከጎረቤት ስኳር ይበደራል። ካርዱ እያንዳንዱን ቤት ለብቻው ቢቆጥርም ድርሻው አጥር ይሻገር ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ንግዱ ሲለቀቅ የግል ሱቆች በየመንደሩ በዙ፤ ከካርዱ ይልቅ የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ተፈላጊ ሆነ። በዚያ ደብተር ላይ የቤት ቁጥር አይጻፍም፤ «የአቡሽ እናት፣ 1 ኪሎ ስኳር» ማለት ለባለሱቁ ይበቃዋል።