ሁነይን፦ ብዛት ያልጠቀመበት ቀን



በድርን የማያውቅ የለም። ሦስት መቶ ከምናምን ሰዎች አንድ ሺህ የሚጠጋ ጦር ያሸነፉበት ቀን ነው። ስለ ሁነይን ግን እምብዛም አናወራም። በሁነይን ሙስሊሞቹ ብዙ ነበሩ፤ መጀመሪያ ላይ የሸሹትም እነሱ ነበሩ። አላህ (ሱ.ወ) ይህንን ቀን በሱረቱ አት-ተውባ፣ አንቀጽ 25 ላይ በስሙ ጠቅሶ ያስታውሰናል።

ጊዜው 8ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 630) ነው። መካ በረመዷን ወር ተከፍታለች። ይህን ያዩት የሐዋዚንና የሠቂፍ ጎሳዎች ቀጣዩ ተራ የኛ ነው ብለው ሰጉና ለጦርነት ተሰባሰቡ። መሪያቸው ማሊክ ኢብኑ ዐውፍ ይባላል፤ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ የሆነ ጀግና ነው። ማንም እንዳይሸሽ ብሎ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ከብቱን ሁሉ ከሠራዊቱ ጋር አስከትሎ ወጣ።

ዱረይድ ኢብኑ ሲማህ የተባለ፣ ዓይኑ የጠፋ አንጋፋ ተዋጊ አብሯቸው ነበር። የልጆችና የከብት ድምፅ ሲሰማ ነገሩን ጠየቀ። ልቡ የሸሸን ሰው ምንም እንደማይመልሰው፣ ከተሸነፉም ውርደቱ በቤተሰብና በንብረት ላይ እንደሚመጣ ነገረው። ማሊክ ግን ሽማግሌውን አልሰማም። ይባስ ብሎ፣ ካልታዘዛችሁኝ በሰይፌ ላይ እወድቃለሁ ብሎ ጎሳውን አስፈራራ።

በሙስሊሞቹ በኩል ደግሞ ከመዲና የመጡ 10,000፣ ከመካ የተቀላቀሉ 2,000፣ በድምሩ 12,000 ሰዎች ነበሩ። እስከዚያን ቀን እንዲህ ያለ ሠራዊት አሰልፈው አያውቁም። ከመካከላቸው፣ ዛሬስ በቁጥር ማነስ አንሸነፍም የሚል ንግግር ተሰማ።

ጎህ ሲቀድ ወደ ሁነይን ሸለቆ ወረዱ። ሐዋዚኖች ቀድመው በየጥጋጥጉ አድፍጠው ነበርና ቀስት አዘነቡባቸው። የፊተኛው ረድፍ ተፈታ፤ የኋላውም ተከተለ። ያ ሰፊ ምድር ጠበባቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን በነጭ በቅሏቸው ላይ ሆነው ወደ ጠላት ገሰገሱ። ከጎናቸው የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። ድምፀ ጎላው ዐባስ (ረ.ዐ) በታዘዘው መሠረት፣ በሑደይቢያ ከዛፏ ሥር ቃል የገቡትን ተጣራ። ጥሪውን የሰሙት ለበይክ እያሉ ተመለሱ። አላህም እርጋታውን አወረደ፤ ሽንፈቱ ወደ ድል ተቀየረ።

የማሊክ ዕቅድስ? እንዳይሸሹ ብሎ ያመጣው ሁሉ በቦታው ቀረ። ወደ 6,000 ምርኮኛ፣ 24,000 ግመልና ከ40,000 በላይ በግና ፍየል እንደተማረከ የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። እሱም ወደ ጧኢፍ ሸሸ።

እዚህ ጋር አንድ ነገር እናስተውል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለዚህ ዘመቻ ገና ካልሰለመው ሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ ጥሩር ተውሰዋል፤ ራሳቸውም ጥሩር ለብሰዋል። ስለዚህ ተወኩል ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ችግሩ 12,000 መሆናቸው ሳይሆን ልብ በ12,000ው ላይ ማረፉ ነው። ነብይ በመካከላቸው ያለ፣ ከሁሉ በላጭ የሆነ ትውልድ እንኳ በብዛቱ ሲደነቅ ብዛቱ አልጠቀመውም። እኛማ በምናችን?

ወንድሜ፣ እህቴ! ዛሬ የያንዳንዳችን 12,000 ምንድን ነው? ለአንዱ ዲግሪው፣ ለሌላው ካፒታሉ፣ ለሌላው ባለሥልጣን ዘመዱ ነው። ተማር፣ ነግድ፣ ሰው ያዝ፤ ይህ ሰበብ ነው፣ ታዘናል። ግን ፈተና ሳትገባም፣ ሱቅ ስትከፍትም ውጤቱ በአላህ እጅ መሆኑን ቀልብህ ይወቅ። ሲሳካ አትኮራም፤ ሲበላሽም አትሰበርም።

የማሊክም ታሪክ በሽሽት አላበቃም። በኋላ ሰለመ፤ ቤተሰቡና ንብረቱ ተመለሰለት፣ 100 ግመልም ተጨመረለት። በጉልበቱ ሊጠብቀው ያልቻለውን፣ እጁን ለአላህ ሲሰጥ አገኘው።

አላህ ሰበብ አድርሰው በሱ ብቻ ከሚመኩት ያድርገን። አሚን!