ነጠላ ጫፍ ላይ የተቋጠረች ካርድ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። መነሻዬ ስዊድን ነው፤ መድረሻዬ የወሎው ቦረና።

አርነ ላርሰን የሚባል የ43 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ልቡ በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ቀጥ ትልበታለች፤ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሣል። ሚስቱ ኤልዘ ማሪ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ቀዶ ሐኪሙን ኦከ ሴኒንግንና መሐንዲሱን ሩነ ኤልምክቪስትን እየተመላለሰች ወተወተች። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ ባትሪ (ፔስሜከር) ለሰው የሚሆን ገና አልተሠራም ቢሏትም አልሰማችም። መስከረም 28 ቀን 1951 ዓ.ም. በካሮሊንስካ ሆስፒታል የልብ ባትሪው ከሆዱ ቆዳ ሥር ተቀበረ። የመጀመሪያው ለሰዓታት ብቻ ሠርቶ ዝም አለ፤ ሌላ ተተካለት። ላርሰን ግን ሐኪሙም መሐንዲሱም ከሞቱ በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. በ86 ዓመቱ ነው ያረፈው። እስከዚያ 26 ባትሪ ቀያይሯል። ልቡ በማሽን እየመታች ስንት ጊዜ ቢላዋ ሥር እንደተኛ አስቡት!

አሁን በሐሳብ ወደ ቦረናዋ መካነ ሰላም እንምጣ። አንዲት እናት ልሣልላችሁ፤ በሐሳቤ የቀረጽኳት ናትና ስም አልሰጣትም። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ሄዳ ባትሪ አስገጥማለች። ዛሬ የሐሞት ጠጠር ጎኗን ሰቅዞ ይዟት መጣች። ከግራ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ የክብሪት ቤት የምታህል እብጠት አለች፤ ነጠላዋን ጣል ስታደርግባት ማንም አያያትም። ካልጠየቋት አታነሣውም። እሷ የመጣችው ለሐሞቷ ነው።

ካልተጠየቀች ምን ይመጣል? ቀዶ ሐኪም ደም የሚያቆመው ኮተሪ በምንለው መሣሪያ፣ በኤሌክትሪክ እየተኮሰ ነው። ባትሪው የኮተሪውን ረብሻ የልብ ምት ይመስለዋል። ልቧ ራሷን የቻለች መስሎት መምታቱን ይተዋል። በባትሪ ብቻ የምትኖር ልብ ያን ጊዜ ማን አላት? ይባስ ብሎ የልብ መስመር የሚያሳየው ስክሪንም በዚያው ኤሌክትሪክ ይተራመሳል፤ ልብ ቆማ ሳለች ስክሪኑ ላይ የምትመታ ልትመስል ትችላለች። ስለዚህ ሰመመን ሰጪው ጣቷ ላይ የተሰካውን መለኪያ ሞገድ ነው የሚያየው፤ በእጁም የደም ሥሯን ትርታ ይዳስሳል።

ለዚህ ነው ጥያቄው የሚቀድመው።

«እናቴ፣ ደረትዎ ላይ የተገጠመ ነገር አለ?»

የነጠላዋን ቋጠሮ ትፈታለች። ከብሮቹ መሐል ጠርዟ የተበላ ካርድ ትወጣለች፤ የኩባንያው ስም፣ የባትሪው ዓይነት፣ የተገጠመበት ቀን ሰፍሮባታል። የአንዱን ኩባንያ ባትሪ የሌላው ኩባንያ ኮምፒውተር አያነበውም፤ ካርዷ ከጠፋች በግምት መሄድ ይመጣል። ባትሪው ባለፉት 12 ወራት ካልታየና ቀዶ ጥገናው የሚታገሥ ከሆነ፣ መንገዱ ቢርቅም ቀድሞ ወደሚመረመርበት መላክ ነው። የማይታገሥ ከሆነ ደግሞ በልብ መስመሯ ላይ ከእያንዳንዱ ምት በፊት ቀጭን ሰረዝ ቀጥ ብሎ መቆሙን ያያሉ። ሁሉም ምት ሰረዝ ካስቀደመ ልቧ በባትሪው ላይ ተደግፋለች ብሎ መውሰድ ነው።

ማግኔት ይዘጋጃል። ማግኔቱ እብጠቷ ላይ ሲቀመጥ አብዛኛው ባትሪ ረብሻውን መስማት ትቶ በራሱ ቋሚ ፍጥነት ይመታል። ልብን ነዝሮ የሚመልሰው ሌላው ዓይነት መሣሪያ ግን እንዲህ አይደለም፤ በእሱ ላይ ማግኔት ንዝረቱን ያግዳል እንጂ ምቱን አይለውጥም። ካርድ ሳያነቡ በማግኔት መተማመን የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

የኮተሪውን ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ፕሌት ጭኗ ላይ ይለጠፋል፤ ኤሌክትሪኩ ደረቷን ሳያቋርጥ ወደ ታች እንዲወርድ። ሐኪሙ ከአምስት ሰከንድ ሳያልፍ ተኩሶ ያርፋል፣ ደግሞ ይተኩሳል። ልብን ከውጭ የሚመታው ማሽን በአጠገቡ በርቶ ይጠብቃል።

«አብሽሩ እናቴ» ይላታል ሰመመን ሰጪው፣ መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት።

ጠጠሩ ወጣ። ማግኔቱ ተነሣ፤ ምቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ባትሪው እስኪመረመር ስክሪኑ አይነቀልላትም። ስትነቃ አፏ ደርቋል፤ ውሃ ግን አልጠየቀችም። እጇ ነጠላዋን ይፈልጋል። ነርሷ ካርዷን መዳፏ ላይ አኖረችላት፤ እናት ቀስ ብላ መልሳ ቋጠረቻት።