ሆድ ይፍጀው?

ቋንቋችን ለሆድና ለአንጀት የሰጠውን ክብር ለብዙ የሰውነት ክፍል አልሰጠም። የምንወደውን ሰው «ሆዴ» እንለዋለን። ያሳዘነን ሰው «አንጀታችንን ይበላዋል»፤ ያስደሰተን ደግሞ «አንጀታችንን ያርሰዋል»። ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ ነው። ምስጢርም የሚቀመጠው እዚያው ነው፤ የማይነገር ነገር ሲገጥመን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እናልፋለን። ታዲያ ይሄ ሁሉ የተባለለት አንጀት ራሱ ሲታመም ጊዜ ቅኔው ድራሹ ይጠፋል። ስኳርና ግፊት በለቅሶ ቤት ሳይቀር እንደ ማዕረግ ይጠራሉ። ስለ ሰገራ ግን ማን ደፍሮ ያወራል?

ዛሬ እኔ ላወራ ነው። ቁርስ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ጋዜጣውን አጠፍ አድርጋችሁ ቆየት ብላችሁ ብትመለሱ አልቀየምም። የማወራው ስለ አንድ በሽታና በሽታው ትቶት ስለሚሄደው አንድ ከባድ ውሳኔ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ በገዛ ወገኑ ላይ ሲነሳ የሚመጣ የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከታች፣ ከፊንጢጣ አጠገብ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ድካም፣ ሌሊት ደጋግሞ ከእንቅልፍ መነሳት አለበት። እኛ አገር ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲመጣ ሁሉም ሰው ሐኪም ስለሆነ «አሜባ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ብዙው ታማሚ በመድኃኒት ይኖራል። መድኃኒቱ እምቢ ያለው፣ ወይም አንጀቱ ሊፈነዳ የደረሰ፣ ወይም የካንሰር ምልክት የታየበት ግን ትልቁ አንጀቱ ተቆርጦ ይወጣል።

ይህ በሽታ ወደ ሕክምና መዝገብ የገባው በፍርድ ቤት በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1859 ለንደን አጠገብ በምትገኘው ሪችመንድ፣ ኢዛቤላ ባንክስ የምትባል በአርባዎቹ ዕድሜ የነበረች ሴት በማያቋርጥ ትውከትና ተቅማጥ ተሰቃይታ ሞተች። አብሯት የሚኖረው ቶማስ ስሜትኸርስት የተባለ ሐኪም ነበር። ሰውዬው ሌላ ሚስት እያለችው ነው ከእሷ ጋር የተጋባው። ንብረቷንም ተናዛለታለች። ለከሳሽ ከዚህ በላይ ምን ይምጣለት? «መርዞ ገደላት» ተባለ። አርሴኒክ አገኘሁ ያለው የመርዝ ባለሙያ አርሴኒኩ ከራሱ መመርመሪያ ዕቃ የመጣ መሆኑን አመነ፤ እንዲያም ሆኖ ሞት ተፈረደበት። የጋይስ ሆስፒታሉ ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ ደግሞ የሟቿን አንጀት መርምሮ፣ በብግነትና በቁስል የተበላ ሆኖ እንዳገኘው ጻፈ። ተከሳሹ ከስቅላት ተረፈ፤ በሚስት ላይ ሚስት በማግባቱ ግን አንድ ዓመት ተፈረደበት። መዝገቡን በኋላ ያነበቡ ሐኪሞች የሴትየዋ ሕመም የኮላይተስ የቅርብ ዘመድ የሆነው የክሮንስ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

በሽታውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማዳን ሌላ። የአሜሪካው ቀዳጅ ሐኪም ጆን ያንግ ብራውን በ1913 የትንሹን አንጀት ጫፍ በሆድ በኩል ወደ ውጭ አውጥቶ፣ የቆሰለውን ትልቁን አንጀት ስለ ማሳረፍ ጻፈ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ከትንሹ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ምግብ የሚያልም ነውና የሰውንም ቆዳ አይምርም፤ ያቃጥላል፣ ይልጣል። መያዣው ጥጥና ፎጣ ነበር። ሰውዬው ከሞት ይተርፋል፤ ከዚያ ከሽታው የተነሳ ከሰው ይሸሻል። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚሞከር የመጨረሻ ነገር ሆኖ ቆየ። ብዙዎቹም ቢላዋው ሥር የሚደርሱት አንድ እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር።

እኔን ከዚህ ታሪክ ሁሉ የገረመኝ መፍትሔው ከየት እንደመጣ ነው። በ1940ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ኮኒግ የሚባል የኬሚስትሪ ተማሪ ይህ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ቆዳ ላይ የሚጣበቅ የጎማ ከረጢት የፈለሰፈው እሱ፣ ታማሚው ነው። በ1954 ኤሊሰ ሶረንሰን የምትባል ዴንማርካዊት ነርስ፣ እህቷ በካንሰር ምክንያት አንጀቷ በሆዷ በኩል ወጥቶ ከቤት መውጣት ስትፈራ አይታ፣ ተለጥፎ የሚጣል የፕላስቲክ ከረጢት አሰበች። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ከረጢት የእህት ሐዘን የወለደው ነው። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ደግሞ ኖርማ ጊል የምትባል የኮላይተስ ታማሚ ነበረች። ቀዶ ጥገናውን ያደረገላት ሩፐርት ተርንቡል በ1958 ክሊቭላንድ ክሊኒክ ቀጠራትና ሌሎች ታማሚዎችን ታስተምር ጀመር። ነርስ አልነበረችም፤ ዕውቀቷ ያለው በገዛ ሆዷ ላይ ነው። ዛሬ በየአገሩ ያለው የስቶማ ነርስነት ሙያ የመጣው ከዚያ ነው።

ሐኪሞቹም አልተኙም። በርሚንግሃም የሚሠራው ብራያን ብሩክ በ1952 አንዲት ቀላል ነገር አስተዋወቀ። በሆድ ላይ የሚወጣውን የአንጀት ጫፍ፣ የሸሚዝ እጅጌ እንደሚታጠፍ ገልብጦ ከቆዳው ጋር ሰፋው። ጫፉ ከቆዳው ከፍ ስለሚል ፈሳሹ ከረጢቱ ውስጥ ይወርዳል እንጂ ቆዳውን አይነካም። በቃ፣ ይኸው ነው! ግን ስንቱን ሰው ከአልጋ አንስቶ ወደ ሥራው መለሰ። በ1956 የብሪታንያ ታማሚዎች የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ያደረጉት ብሩክን ነበር።

እንግዲህ ሕይወት ተረፈ፤ ከረጢቱም ተሻሻለ። የሰው ልጅ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። «ከረጢቱስ ለምን ይቀር አይሆንም?» ተባለ። በ1947 አሜሪካ ውስጥ ራቪችና ሳቢስተን ትንሹን አንጀት በቀጥታ ከፊንጢጣ ጋር ማገናኘት እንደሚቻል አሳዩ፤ ነገር ግን ማጠራቀሚያ ስለሌለው ታማሚው ከመጸዳጃ ቤት አይወጣም። በ1969 የስዊድኑ ኒልስ ኮክ ከትንሹ አንጀት ሆድ ውስጥ ኪስ ሠራ፤ ታማሚው በቱቦ ያስወጣዋል። ኪሱ ጥሩ ሆኖ ሳለ መዝጊያው እየሾለከ ብዙዎችን ወደ ቀዶ ጥገና መለሳቸው። በ1978 ለንደን፣ ሴንት ማርክስ ሆስፒታል፣ አለን ፓርክስና ጆን ኒኮልስ ሁለቱን ሐሳብ አጋቡ፤ ኪስ ሠርተው ከፊንጢጣው ጋር አገናኙት። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ግን ያለ ቱቦ ማስወጣት አቃታቸው። በ1980 ጃፓናዊው ኡትሱኖሚያ ኪሱን በጄ ፊደል ቅርጽ ሠራው። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ይኸው ነው።

የቀድሞ ተማሪዬ አንዷ ከባሕር ማዶ የደወለችልኝ እዚህ ላይ ደርሳ ነው። ትልቁ አንጀቷ በድንገተኛ ቀዶ ጥገና ወጥቷል፤ ከረጢት ይዛለች፤ የፊንጢጣው አንጀት ገና አለ። «መምህር፣ የመጀመሪያውን ማንም አልጠየቀኝም። ልሞት ነበር፣ ቆረጡት። አሁን ግን አንቺ ወስኚ ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ዝጊውና ማንም ሳያውቅ ትዳር ያዢ ትለኛለች። ምን ብዬ ነው የምወስነው?» እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምችለው ማንበብ ነው። አነበብኩ።

ምርጫዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው ኪሱን ማሠራት ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀዶ ጥገና አይደለም፤ መጀመሪያ ኪሱ ይሠራል፣ እስኪድን ከረጢቱ ይቆያል፣ ከዚያ ይዘጋል። ሁሉም ከሠመረ ከረጢት የለም። ግን የድሮው አንጀት ተመለሰ ማለትም አይደለም። በቀን ስድስት ጊዜ ግድም፣ አንዳንዴ ሌሊትም መነሳት የተለመደ ነው። ግማሽ ያህሎቹ አንድ ቀን ኪሱ ራሱ ይቆጣባቸዋል፤ ፓውቻይተስ ይሉታል፤ ብዙውን ጊዜ በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑት ደግሞ በዓመታት ውስጥ ኪሱ እምቢ ብሏቸው ወደ ከረጢት ይመለሳሉ። ለሴት ልጅ ሌላም አለ፤ ዳሌ ውስጥ የሚደረገው ቀዶ ጥገና ጠባሳ ስለሚተው የመፀነስ ዕድልን ሊቀንስ ይችላል። በጠባብ ቀዳዳ በካሜራ ሲሠራ ጉዳቱ ያነሰ ይመስላል። ልጅ የምትፈልግ ሴት ታዲያ ቅደም ተከተሉን ከሐኪሟ ጋር ቁጭ ብላ መነጋገር አለባት። ያዙልኝ ያልኳትን ደግሞ አሁን አምጧት፦ በሽታው ኮላይተስ ሳይሆን ክሮንስ ከሆነ ኪሱ የመበላሸት ዕድሉ በብዙ ይጨምራል። ስለዚህ የወጣው አንጀት የላቦራቶሪ ውጤት በደንብ ይታይ፤ የኢዛቤላ ባንክስ ጥያቄ ዛሬም ይጠየቃል።

ሁለተኛው የፊንጢጣውን አንጀት አስወጥቶ በከረጢት መቀጠል ነው። ኮላይተሱ በዚያ ያከትማል፤ ኪስ ስለሌለ የሚቆጣም ኪስ የለም። የታችኛው ቁስል ግን ለመዳን ሊዘገይ፣ በስቶማው ዙሪያም ቡአ ሊወጣ ይችላል። ከረጢቱም የዕድሜ ልክ ነው።

ሦስተኛው መቆየት ነው። መቆየት ስንፍና አይደለም፤ በድንገተኛ ቀዶ ጥገና የደቀቀ ሰው ክብደቱ እስኪመለስ፣ ስቴሮይዱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ወራት መጠበቁ ራሱ ሕክምና ነው። ግን መቆየትና መርሳት ይለያያሉ። የቀረው የፊንጢጣ አንጀት ሊቆጣና ሊደማ ይችላል፤ ካንሰርም ሊነሳበት ስለሚችል በየጊዜው በመሣሪያ መታየት አለበት።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ኪስ ያላቸውንና ከረጢት የያዙትን ስለ ኑሯቸው የጠየቁ ጥናቶች ብዙዎቹ በጥቅሉ ያን ያህል ሰፊ ልዩነት አላገኙም። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ መቶ ዓመት የተለፋበት ነገር መልሱ «እኩል ነው» ሆነ ብዬ። ኋላ ግን ገባኝ። እኩል የሆነው አማካዩ ነው፤ ሰው ደግሞ አማካይ አይደለም። አንዱ መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ሳያስብ አውቶቡስ መሳፈር ይፈልጋል፤ ለእሱ ከረጢት ነፃነት ነው። ሌላዋ ሆዷ ላይ የተለጠፈውን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል፤ ለእሷ ሦስት ቀዶ ጥገና ቢያስከፍላትም ኪሱ ዋጋው ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና የወሰነው ሞት ነበር፤ ሞት ደግሞ አያከራክርም። የሁለተኛው ጠያቂ ኑሮ ነው። ኑሮን የሚያውቀው የሚኖረው ነው።

ልክ ያልሆነ ምክንያት አንድ ብቻ ይታየኛል፤ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው። የእናት ጭንቀት ይገባኛል፤ ልጇ እንዳትገፋባት ነው። ግን ኪስም ሆነ ከረጢት ለጎረቤት ተብሎ አይሠራም፤ ሌሊት ሲታመም ጎረቤት አይነሳለት። ከወሳኙ በፊት ሊደመጡ የሚገባቸው ሌሎች ናቸው፦ ይህን ቀዶ ጥገና ደጋግሞ የሠራ ሐኪም፣ የስቶማ ነርስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሁለቱም መንገድ የሄዱ ሰዎች፤ የቀናቸውም ያልቀናቸውም።

ኮኒግ ከረጢቱን ደብቆ፣ ሶረንሰን የእህቷን ነገር አፍና፣ ጊልም ሕመሟን ለራሷ ይዛ ቢቀሩ ኖሮ የዛሬዋ ታማሚ የምትመርጠው ነገር አይኖራትም ነበር። ሆድ ብዙ ነገር ይፈጃል። የራሱን ሕመም ግን ለብቻው እንዲፈጀው መተው ግፍ ነው።