የቃሬዛ ተራ

ቅረቡ እስኪ፤ እሳቱም አልበረደ፣ ቡናውም ገና አቦል ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ቃሬዛ ነው። ከተማ የተወለዳችሁ ቃሬዛን የምታውቁት ጎማ ተገጥሞለት በሆስፒታል ኮሪደር ሲንሿከክ ይሆናል። የእኛ አገር ቃሬዛ ግን ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ በመካከሉ የበሬ ጠፍር ይጠላለፍበታል፣ በላዩ ጋቢ ይነጠፍበታል፣ አራት ሰው በትከሻው ይሸከመዋል፣ አራት ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ከጎን ይሄዳል። ያ ባዶ እጁን የሚሄደው ሰው ሥራ ፈት እንዳይመስላችሁ። ከፊት ያለው ሲደክመው «ተራ!» ይላል፣ ጎኑ ያለውም ቃሬዛው ሳይቆም፣ በሽተኛውም ሳይናወጥ፣ ትከሻውን ከሥር ያስገባል።

ከጣርማ በር ወዲያ፣ ወደ መንዝ በሚወስደው ደጋ ላይ ነው አገሬ። በ1974 ዓ.ም ነሐሴ ላይ አክስቴ ምጥ ያዛት፣ አንድ ቀን አለፈ፣ ሌሊቱም አለፈ፣ በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አዋላጇ እናት እጃቸውን ታጥበው ወጡና ለአጎቴ ምንም ሳይሉ ወደ ሰማይ አዩ። ከዚያ ጡሩምባ ተነፋ፣ የቃሬዛ ማኅበሩም ተሰበሰበ፣ እኔም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩና ፋኖስ ያዝ ተባልኩ። ዝናቡ አላባራም ነበር። ጅረቱ ሞልቶ ወደ ላይ ዞረን ተሻገርን፣ ጭቃው የአንዱን ጫማ ዋጠበት፣ ሴቶቹ ከኋላ «ማርያም ማርያም» እያሉ ተከተሉን፣ አክስቴ መጀመሪያ ታቃስት ነበር፣ ኋላ ዝም አለች፣ እኛም ዝም ማለቷን «እንቅልፍ ወሰዳት» አልነው። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል አስፋልቱ ዳር ደረስን። የጣርማ በርን ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የራስን እጅ ይሰውራል። ወደ ደሴ የሚወርዱት ኤንትሬ የጭነት መኪኖች እያጓሩ አለፉ፣ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ግን ጠፋ። በመጨረሻ አንዱ ቆመ፣ ሾፌሩ ወረደ፣ ፋኖሱን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ፊቷ አስጠጋና አየ። ከዚያም ፋኖሱን ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገው።

በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ስንመለስም «ተራ!» ይባል ነበር።

እንግዲህ ስለ ዕድገት ሲወራ ስሰማ እኔ የምሰማው ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው። በእኛ ቀበሌ መጀመሪያ የመጣው አስፋልትም ፋብሪካም አልነበረም። የመጡት ሁለት ልጃገረዶች ናቸው። በ1995 ዓ.ም መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ይሠለጥናሉ፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ፣ ደመወዝም ይቆረጥላቸዋል። በጥቂት ዓመት ውስጥ በመላ አገሪቱ ከ30 ሺህ በለጡ። የእኛዎቹ የክትባቱን ሳጥን በትከሻቸው አንግተው፣ በፕላስቲክ ጫማ፣ ያንኑ ጅረት እየተሻገሩ ቤት ለቤት ዞሩ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሳቁባቸው፤ «የትናንት ልጅ መጥታ ሽንት ቤት ቆፍር ትለኛለች» አሉ። ሳቁና ቆፈሩ። በ1992 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 67 ሆኑ። ቤታችን ያው ጭቃ ቤት፣ ማሳችን ያው ገብስ፣ ልጆቹ ግን ይተርፉ ጀመር።

ገንዘቡም ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ብል ያን ሌሊት መካድ ነው። ከ1996 ዓ.ም ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ኢኮኖሚው በየዓመቱ ወደ 10 በመቶ አደገ ተባለ፣ ጥርጊያ መንገዱ ወደ እኛ ገባ፣ ወረዳው አምቡላንስ አገኘ፣ ጤና ጣቢያውም ለወላዶች ማቆያ ቤት ሠራ። ቀናቸው የደረሰ እናቶች እዚያ ሄደው ይሰነብታሉ፣ ገንፎም ይገነፋላቸዋል። በ1992 ከመቶ ወላዶች አምስቱ ብቻ በጤና ተቋም ይወልዱ ነበር፤ በ2011 ግማሽ ለመሆን ጥቂት ቀራቸው። የአክስቴ የልጅ ልጅ በ2009 ጤና ጣቢያ ሄዳ ወለደች። አጎቴ ገንፎውን ቀምሶ «ቅቤው አነሰ» አለ። ሌላ ምንም አላለም፤ ግን ወጥቶ ጓሮ ብዙ ቆየ።

ታዲያ መንገድ አንድ ነገር ብቻ ይዞ አይመጣም። አምቡላንሱ በመጣበት መንገድ የፓልም ዘይቱም መጣ፣ ስኳሩም ለስላሳውም መጣ፣ በእግር ይኬድበት የነበረው ገበያም በባጃጅ ሆነ፣ ሰዉም ዕድሜ ጠገበ። አጎቴ ከስቶ፣ ውኃ እየጠጣ የማይረካ ሆኖ፣ ደብረ ብርሃን ወስደን ብናስመረምረው «ስኳር ነው፣ ግፊትም አለበት» አሉን። እዩልኝ፤ ልጃገረዶቹ የሠለጠኑት ለወባና ለኩፍኝ፣ ለሽንት ቤትና ለክትባት ነበር። ክትባት ተወግቶ ያበቃል፤ ስኳር ግን በየወሩ መድኃኒት፣ በየወሩ ምርመራ፣ እስከ ዕድሜ ፍጻሜ። ድሃ አገር ገና የድሮውን በሽታ ሳይጨርስ የሀብታሙ በሽታ ይደርስበታል፤ ሁለቱን ባንድ ትከሻ ነው የሚሸከም። አጎቴም በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወይፈን ሸጠ፣ በሁለተኛው ሁለት በግ።

በኋላ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መጣ። በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ነበር የተሞከረው፤ ወደ እኛ ሲደርስ ቆይቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን፣ ኃላፊው ስለ መዋጮው አስረዳ፣ ከዚያ አንዱ ጎልማሳ ተነሣና «ዓመቱን ሙሉ ካልታመምኩ ገንዘቤ ይመለስልኛል ወይ?» አለ። ሰዉም አጉረመረመ፤ ጥያቄው የሁላችንም ነበር። አጎቴ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ።

«ልጄ፣ ቃሬዛ ስንቴ ተሸከምክ?»

«አልቆጠርኩትማ፣ አባባ።»

«ትከሻዬን መልሱልኝ ብለህ ታውቃለህ?»

ጎልማሳው አንገቱን ደፋ፣ ቀጥሎም ሳቀ፣ ሰዉም ሳቀ። የዚያን ቀን ብዙ ሰው ተመዘገበ።

እዚህ ላይ ባቆም ወጉ ያምር ነበር፣ እውነት ግን አይሆንም። አጎቴ ፎቶ የተለጠፈባትን ደብተር በላስቲክ ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ሐኪሙ ይጽፍለታል፣ የመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ ሲደርስ ግን «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታችን 15 በመቶውን ለጤና እናውላለን ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ አብዛኞቹ አልደረሱበትም። የእኛም ኢኮኖሚ ሲያድግ፣ ከሚመረተው ላይ በግብር የሚሰበሰበው ድርሻ ወደ ታች ነው የወረደ። ጎተራው ሰፋ፣ እህሉ ግን ከአውድማ አልገባም። ክፍተቱን የውጭ ዕርዳታ ይሞላው ነበርና፣ በ2017 አሜሪካ ዕርዳታዋን ስታቋርጥ በዚያ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ ሐኪሞችና ነርሶች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። በእኛ ቋንቋ «ተራ!» ማለታቸው ነበር። እኔ የታዘብኩት፣ ከጎን ባዶ እጁን የሚሄደው ሰው እያለ ድምፁን የሰማ ማነሱን ነው።

ባለፈው ጥር አገሬ ሄጄ ነበር። ገብሱ ተወቅቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። የመድህን መዋጮ ሰብሳቢው ደብተሩን ይዞ ሲመጣ አጎቴ ከመቀነቱ ብሩን ፈታ፣ ሁለቴ ቆጠረ፣ ሰጠ፣ ከዚያም «መድኃኒቱስ?» አለው። ሰብሳቢው «ይመጣል ብለውናል» አለ። አጎቴ ደረሰኙን ተቀብሎ ደብተሯ ውስጥ አደረገ፣ ደብተሯን በላስቲኩ ጠቀለለ።

ከዚያ ወደ ደጅ ወጣን። የማኅበሩ ቃሬዛ ዛሬም ከአጎቴ ቤት ጣሪያ ክፈፍ ሥር ተሰቅሏል፤ አጣናው ጠቁሯል፣ ጠፍሩም ላልቷል። «አውርደው እስኪ» አለኝ። አወረድኩት። እሱ ባንድ በኩል ያዘ፣ እኔ በሌላው፣ ጠፍሩን ውኃ እየነከርን፣ እየሳብን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አጠበቅነው።